የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያላረገዘ ማሕፀን ለምን ይኮማተራል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ላኪዎቻቸው የማይተዋወቁና የሚኖሩበትም ቦታ የተራራቀ ቢሆንም፣ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ማሕፀን በወር አበባ ዑደት ውስጥ የሚያደርገው እንቅስቃሴና እንቅስቃሴው በአልትራሳውንድ የሚለካበት መንገድ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል። መልሱን የሰጡት የዓምዳችን የማሕፀንና ፅንስ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ቢሆንም እስካሁን አላረገዝኩም። የወር አበባዬ በመጣ በ13ኛው ቀን በብልት በኩል የሚደረገውን አልትራሳውንድ ታዝዤ ስታይ፣ ባለሙያው ስክሪኑን እየተመለከቱ «ማሕፀንሽ እየተንቀሳቀሰ ነው» አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃቸው «ያው መኮማተር ነው» ብለው አለፉት። እኔ ግን አንዳች ሕመም አልተሰማኝም። ማሕፀን የሚኮማተረው በምጥ ጊዜ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ማሕፀኔ የባለቤቴን ዘር ወደ ውጭ እየገፋ እያስወጣው ይሆን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለሙያው ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ የጎደለው ማብራሪያው ነው። በዑደቱ 13ኛ ቀን ላይ የሚንቀሳቀስ ማሕፀን የሚጠበቅበትን እየሠራ ያለ ማሕፀን ነው።

ማሕፀን አብዛኛው አካሉ ጡንቻ ነው፤ ግድግዳው ግን አንድ ወጥ አይደለም። በየወሩ እየወፈረ ከሚፈርሰው የውስጥ ሽፋን ሥር ስስ የጡንቻ ንብርብር አለ፤ ከእርሱ በስተውጭ ደግሞ በምጥ ጊዜ ሕፃኑን የሚገፋው ወፍራሙ ጡንቻ ይገኛል። እርስዎ የሚያውቁት መኮማተር የወፍራሙ ጡንቻ ሥራ ነው። በስክሪኑ ላይ የታየው ግን የስሱ ንብርብር እንቅስቃሴ ሲሆን፣ እርሱም ግድግዳውን በሙሉ አይጨምቅም፤ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ዘለላው በተራ እያጎነበሰ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ከማሕፀኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በሞገድ መልክ ይጓዛል። አቅሙ አነስተኛ ስለሆነም ለባለቤቲቱ አይሰማትም።

የሞገዱ አቅጣጫና ብዛት በዑደቱ ውስጥ ይለዋወጣል። ደም በሚፈስባቸው ቀናት መኮማተሩ ከማሕፀኑ አናት ተነሥቶ ወደ ማሕፀን በር ይወርድና የፈረሰውን ሽፋን ከደሙ ጋር ያስወጣል፤ በእነዚህ ቀናት ወፍራሙ ጡንቻም ስለሚያግዝ ቁርጠት ይሰማል። ደሙ ከቆመ በኋላ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እየጨመረ ሲመጣ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ሞገዱ ከበሩ ተነሥቶ ወደ አናቱ መውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል የነበረው፣ እንቁላሏ ለመውጣት ስትቃረብ ሦስት ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ የቆጠሩ ተመራማሪዎችም አሉ። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የሚመነጨው ፕሮጀስትሮን ደግሞ ይህን ሁሉ ያረግበዋል፤ ፅንስ ቢመጣ ተጣብቆ የሚያድርበት ጸጥ ያለ ቦታ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ምርመራ የተደረገው ሞገዱ ወደ ላይ በሚጓዝበትና በሚበረታበት ሰሞን ነው። ይህ ደግሞ ከፈሩት ተቃራኒ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምርምር አለ። ኩንዝ፣ ላየንዴከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ በጀርመን አገር ፈቃደኛ በሆኑ ሴቶች የማሕፀን በር አካባቢ የወንዴ ዘርን ያህል መጠን ያላቸውን፣ አነስተኛ ጨረር የሚያወጡ የፕሮቲን እንክብሎችን አኖሩ፤ እንክብሎቹም እንደ ዘር የሚዋኙበት ጭራ ሳይኖራቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይ ተወሰዱ። ከዚህም በላይ፣ እንቁላሏ ልትወጣ በተቃረበችበት ጎን ባለው ቱቦ የገቡት በሌላው ቱቦ ከገቡት በዝተው ተገኙ። ዘሩ በራሱ ዋና ብቻ የሚደርስ ለሚመስለው ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ ስሰማው ለማመን ተቸግሬ እንደነበር አልደብቅም።

ያላረገዙበትን ምክንያት ግን በዚህ በኩል አይፈልጉት። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት መከላከያ ሳትጠቀም አንድ ዓመት ሙሉ ሞክራ ካላረገዘች ምርመራ መጀመር ይገባል፤ ምርመራውም ባለቤትዎንም ይመለከታል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽና ሕመም የሌለው ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ ሴቲቱ ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ የሚታሰብ መሆኑ ዘወትር ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። አንድ መጽሐፍ ማሕፀን በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይኮማተራል ሲል፣ ሌላው በአንድ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይላል። የትኛውን ልመን? ደግሞስ በአልትራሳውንድ ለመቁጠር ሞክሬ ምንም አላየሁም። ስህተቴ ምን ላይ ነው? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለቱንም እመን፤ የለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

አልትራሳውንድ ከመምጣቱ በፊት የማሕፀን መኮማተር የሚለካው ፈሳሽ የሞላበት ትንሽ ፊኛ ወይም ቀጭን ቱቦ ወደ ማሕፀን ውስጥ አስገብቶ ግፊቱን በመመዝገብ ነበር። በዚህ መንገድ ከሠሩት መካከል ኦስትሪያዊው ሐኪም ኸርማን ክናውስ ይገኙበታል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአንጎል ሥር ካለው እጢ የተገኘ መድኃኒት እየወጉ የማሕፀኑን ምላሽ ሲከታተሉ፣ በዑደቱ መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ለመድኃኒቱ የሚኮማተረው ማሕፀን በኋለኛው አጋማሽ ምላሽ መስጠት እንደሚያቆም አስተዋሉ፤ ከዚህም ተነሥተው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ አሰሉ። በጃፓን ኪዩሳኩ ኦጊኖ በቀዶ ሕክምና ጊዜ እንቁላል ማምረቻዎችን እየተመለከቱ ተቀራራቢ መደምደሚያ ላይ ደርሰው ነበር። ዛሬ ብዙ ባለትዳሮች ቀን እየቆጠሩ የሚጠቀሙበት የወሊድ መከላከያ ዘዴ ከፊል ሥሩ ያለው፣ እንግዲህ፣ የማሕፀንን መኮማተር በመለካት ሥራ ውስጥ ነው። ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚያሳስት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፊኛውም ሆነ ቱቦው የሚለካው ግፊትን ነው። በወር አበባ ቀናት ግድግዳው በሙሉ ሲጨመቅ ግፊቱ ይወጣል፤ ይህ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የሚሆን ሲሆን፣ መጽሐፍህ የጠቀሰው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ እንቁላል ሊወጣ ሲቃረብ በስሱ ንብርብር ላይ የሚታዩትን ትናንሽ ሞገዶች ይቆጥራል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ግፊቱን እምብዛም አይነካኩትም። ስለዚህ ቀኑም የተለየ ነው፤ የተቆጠረውም ነገር የተለየ ነው። በተጨማሪም የግፊት መለኪያው ራሱ ባዕድ አካል በመሆኑ ማሕፀኑን ሊቆሰቁሰው ይችላል፤ ሊለካ የገባው መሣሪያ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል ማለት ነው። ሳይገባ የሚያይ መሣሪያ የተፈለገውም በዚህ የተነሣ ነው።

በርንሆልዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ማየታቸውን እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈዋል። በ1991 ደግሞ የካናዳው ላየንስና ባልደረቦቻቸው በብልት በኩል በሚገባው ፕሮብ (የአልትራሳውንዱ መመርመሪያ ዘንግ) ጤነኛ ሴቶችን በመላው ዑደት ተከታትለው፣ ከላይ ለአዲስ አበባዋ እኅታችን የዘረዘርኩትን የአቅጣጫና የብዛት ለውጥ መዝግበዋል።

አንተ ሞገዱን ያላየኸው ዓይንህ ደካማ ሆኖ ሳይሆን እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። ፕሮቡን ይዘህ ለ20 ሰከንድ ብቻ ብትመለከት ማሕፀኑ ቆሞ ታገኘዋለህ። ሥራው እንዲህ ይሠራል፦ ሴቲቱ ሽንቷን ሸንታ ትተኛለች፤ ፕሮቡ ከገባ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፤ ፕሮቡ ራሱ ማሕፀኑን ነክቶ እንዲኮማተር ሊያደርገው ስለሚችል ነው። ከዚያ ማሕፀኑ በቁመቱ፣ ከበሩ እስከ አናቱ፣ ሙሉውን በአንድ ምስል እስኪታይ ድረስ ይስተካከላል፤ የውስጥ ሽፋኑ መስመር ሳይቆራረጥ መታየት አለበት። እጅህን ሳታንቀሳቅስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ትቀርጻለህ። ቁጥሩ የሚገኘው በቀጥታ ስታይ ሳይሆን ቪዲዮውን አራት፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ አፍጥነህ ስታጫውተው ነው። በዚያን ጊዜ ቆሞ የነበረው ማሕፀን ሲርገበገብ ታየዋለህ፤ መጀመሪያ ያየኸው ዕለት አትረሳውም።

የሚመዘገበውም ብዛቱ ብቻ አይደለም። ሞገዱ ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? እስከ ጫፍ ደረሰ ወይስ መንገድ ላይ ጠፋ? ከሁለት አቅጣጫ ተነሥተው መሐል ላይ የሚጋጩ ነበሩ? እነዚህን ካልጻፍክ ቁጥሩ ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀንና የምትወስደውን መድኃኒት ጻፍ። የወሊድ መከላከያ እንክብል ሞገዱን ያረግበዋል፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ተጽዕኖ አላቸው። በደቂቃ ሦስት የሚለው ቁጥር በ13ኛው ቀን የተለመደ ሲሆን፣ በ21ኛው ቀን ሲገኝ ግን ለምን ብሎ የሚያስጠይቅ ነው።

የማስጠነቅቅህ ስለ ማታለያዎቹ ነው። የሴቲቱ ትንፋሽ፣ ከማሕፀኑ ጀርባ ያለው አንጀት እንቅስቃሴ፣ የአንተው የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቪዲዮው ሲፈጥን ሁሉም ሞገድ ይመስላሉ። እውነተኛው ሞገድ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ ይጓዛል፤ ሐሰተኛው ማሕፀኑን በሙሉ ባንድ ጊዜ ያነቃንቀዋል። ለምርምር ሲሆን ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ቢቆጥሩ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜም ቁጥራቸው ይለያያል። ይህን የሰው ልዩነት ለማስቀረት በኔዘርላንድስ የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአልትራሳውንዱ ምስል ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ኮምፒዩተር እንዲከታተላቸው በማድረግ የጡንቻውን መለጠጥና መሰብሰብ ሲለኩ ቆይተዋል። በጃፓን ደግሞ በፍጥነት በሚነሣ ኤምአርአይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ይሁንና ከእነዚህ አንዱም ኃይልን አይለካም፤ አልትራሳውንድ የሚያየው እንቅስቃሴን ነው። ትልቅ ሞገድ የበረታ ግፊት ምልክት ነው ብለህ ሪፖርት አትጻፍ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከእነ ቤተሰቤ በሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለመውለድ የአይቪኤፍ ሕክምና (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ የሚገናኙበትን) ጀምሬአለሁ፤ ሁለት ጊዜ ፅንስ ተላልፎልኝ አልያዘም። አንዲት ጓደኛዬ ከዝውውሩ በፊት የማሕፀን መኮማተር እንዲለካልኝና ማስታገሻ መርፌ እንዲሰጠኝ እንድጠይቅ መከረችኝ። ልጠይቅ? (አንባቢ)

መልስ፦ እኅቴ፣ የጓደኛዎ ምክር ከመሬት የተነሣ አይደለም። በፈረንሳይ ፋንሺንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ፅንስ ከመተላለፉ በፊት በ209 ሴቶች ላይ የማሕፀናቸውን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ቀርጸው ቆጠሩ። በደቂቃ ከሦስት ያልበለጠ መኮማተር ከታየባቸው መካከል 53 በመቶው ሲያረግዙ፣ ከአምስት በላይ ከታየባቸው ያረገዙት 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። በደማቸው ውስጥ ፕሮጀስትሮን ከፍ ያለላቸው ማሕፀናቸው የተረጋጋ ሆኖ መገኘቱም ተመዝግቧል። ለአይቪኤፍ የሚሰጡት መርፌዎች ኢስትሮጅንን ከተፈጥሮው ዑደት እጅግ ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ማሕፀኑ ገና ሳይረጋጋ ፅንሱ የሚደርስበት አጋጣሚ አለ። ይኸው ቡድን በኋላ እንዳሳየው፣ ፅንሱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከመተላለፍ ይልቅ አምስት ቀን ገደማ ሲሞላው ቢተላለፍ ማሕፀኑ ይበልጥ ረግቦ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የሚቀጥለው ሐሳብ ግልጽ ይመስላል፦ መኮማተሩን በመድኃኒት ካስቆምን እርግዝናው ይጨምራል። እውነታው ግን እንዲህ አልሆነም። ያለ ጊዜው የመጣን ምጥ ለማስቆም የሚሰጠው አቶሲባን የተባለ መድኃኒት በሆንግ ኮንግ፣ በጓንግዡና በሆ ቺ ሚን ከተማ በ800 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 39.8 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 38.0 በመቶው ልጅ ወለዱ፤ ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። በጥናቱ የተካተቱት ማሕፀናቸው ከመጠን በላይ እንደሚኮማተር ተለክቶ የተመረጡ ስላልሆኑ፣ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሴቶች ብቻ ቢሰጥ ይጠቅም ይሆን የሚለው ጥያቄ አሁንም ክርክር አለበት። ለሁሉም ሴት በጅምላ የሚታዘዝ አለመሆኑ ግን ተለይቷል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መርፌውን ከመጠየቅ በፊት ሦስት ነገሮችን እጠይቅ ነበር፤ የፕሮጀስትሮን መጠኔ በዝውውሩ ሰሞን ስንት ነበር? ፅንሱ የተላለፈው በስንተኛው ቀኑ ነው? ዝውውሩስ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ቱቦው የማሕፀኑን አናት ሳይነካ ተደርጓል? የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አናቱ ሲነካ ማሕፀኑ እንደሚኮማተርና የገባው ፈሳሽ ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል በእንግሊዝ አገር በአልትራሳውንድ በሚታይ ፈሳሽ ተሞክሮ ታይቷል። ቀስ ያለ እጅ ከማንኛውም መርፌ ይረክሳል። ሁለት ዝውውር አለመያዙ ደግሞ አሳዛኝ ቢሆንም የተለመደ ነው፤ የማሕፀንዎ ጥፋት አድርገው አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለቤቴ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከአልጋ አትነሣም። በአልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ታይታ «ምንም የለም» ተባልን። ምንም ከሌለ ይህ ሁሉ ሕመም ከየት ይመጣል? መኮማተሩ ተለክቶ መታወቅ አይችልም? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ባለቤትዎ ተጨንቀው መጻፍዎ ደስ አሰኝቶኛል። «ምንም የለም» ማለት በምስሉ ላይ እጢ ወይም ውኃ የያዘ ከረጢት አልታየም ማለት ነው እንጂ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። በብዙ ሴቶች ሕመሙ የሚመጣው ከውስጥ ሽፋኑ መፍረስ ጋር ከሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ወፍራሙን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትረዋል፤ ወደ ጡንቻው የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። በአንድ ወቅት በተደረጉ የግፊት ልኬቶች ብርቱ ሕመም ባለባቸው ሴቶች ማሕፀን ውስጥ ከ120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚበልጥ ግፊት ተመዝግቧል፤ ይህ በክንድ ላይ ከሚለካው ጤናማ የደም ግፊት ላይኛ ቁጥር ያልፋል። ሕመሙን በዚህ ቁጥር ልክ ይገምቱት።

መለካቱን በተመለከተ፣ ሕክምናውን የማይለውጥ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በመደበኛ ክሊኒክ የሚሠራም አይደለም። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ስለሆነ፣ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ሳይሆን ደሙ እንደጀመረ ወይም ምልክቱ ሲሰማት፣ ምግብ በልታ፣ 400 ሚሊግራም በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ትውሰድ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በአስፕሪን የሚነሣ አስም ካለባት ግን አይሆንላትም። ሆድ ላይ የሚደረግ ሙቀትም ይረዳል፤ እናቶቻችን የሞቀ ጨርቅ ሲያስይዙ የሚያውቁትን እየሠሩ ነበር። ልጅ ለጊዜው የማትፈልግ ከሆነ የወሊድ መከላከያ እንክብል ሌላ አማራጭ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከመጀመሪያዎቹ የወር አበባ ዓመታት ብዙ ቆይቶ ከሆነ፣ ወይም በግንኙነት ጊዜ፣ ዓይነ ምድር ስትወጣና ከወር አበባዋ ውጭም ከታመመች፣ ደሟም ከበዛ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል) ወይም አዲኖማዮሲስ (ይኸው ሕዋስ በማሕፀኑ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ) ሊሆን ስለሚችል የማሕፀን ስፔሻሊስት ይያት። ላየንዴከርና ባልደረቦቻቸው ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባቸው ሴቶች የስሱ ንብርብር ሞገድ ከመጠን በላይ የበዛና አቅጣጫው የተዘበራረቀ ሆኖ ማግኘታቸውን ጽፈዋል፤ በሽታው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ላዩን በትናንሽ ነጠብጣብ መልክ ብቻ ሲኖር ግን በተለመደው አልትራሳውንድ አይታይም። ስፔሻሊስቱ ዘንድ ስትሄድ የሦስት ወር የወር አበባ ቀኖቿን፣ ሕመሙ የጀመረበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ የወሰደችውንም መድኃኒት በወረቀት ጽፋ ይዛ ትሂድ፤ እርስዎም አብረዋት ይግቡ።